በረኪናን ከምንም ጋር አትቀላቅሉ፦ ስለ ልብስና ዕቃ ጽዳት የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ዛሬ የምመልሳቸው ጥያቄዎች በስልክና በድምፅ መልእክት የደረሱን ናቸው። አብዛኞቹ በጓዳችን በማይጠፋ ነገር ይፈታሉ፦ በሎሚ፣ በአቼቶ፣ በጨው፣ በቤኪንግ ሶዳ፣ በፈሳሽ ሳሙና። ደጋግሜ የምላችሁ አንድ ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ ኃይለኛውን ነገር ከማንሳታችሁ በፊት እድፉ ምን እንደሆነ ጠይቁ። ቅባት ነው? ቀለም ነው? ወይስ ኖራ? ለአንዱ መድኃኒት የሆነው ለሌላው ጉዳት ነው።

ከጎንደር የደወሉ እናት፦ «ለጥምቀት የለበስኩት ነጠላ ላይ ዶሮ ወጥ ፈሰሰበት። ወዲያው በፈላ ውሃና በበረኪና ዘፈዘፍኩት። ቢጫው አለቀቀም፣ ጭራሽ ጥለቱ ደበዘዘብኝ። ምን ይሻለኛል?»

እማማ፣ የበርበሬ ቀለም በውሃ አይሟሟም፤ የሚሟሟው በቅቤና በዘይት ነው። ዶሮ ወጥ ደግሞ ቅቤውም ዘይቱም ያለበት ስለሆነ ቀለሙን ይዞ ወደ ክሩ የገባው ቅባቱ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚወጣው ቅባቱ ነው። ነጠላውን ሳያርሱ፣ ደረቁን እንዳለ፣ እድፉ ላይ ፈሳሽ የዕቃ ሳሙና ያፍስሱበት። በጣትዎ ቀስ አድርገው ያሹትና ሃያ ደቂቃ ያህል ይተዉት። ከዚያ ለብ ባለ ውሃ ያለቅልቁት። ካልለቀቀ ይድገሙት። ነጠላ ስስ ስለሆነ በብሩሽ አይፈተግም።

ከዚህ በኋላ የምትቀረውን ብርቱካናማ ጥላ ለፀሐይ ይስጧት። የበርበሬ ቀለም የፀሐይ ብርሃን አይችልም። እርጥብ ነጠላውን እድፉን ወደ ፀሐይ አዙረው ያስጡት፣ ሲደርቅ እንደገና ያርሱት። በሁለት በሦስት ቀን ብዙውን ጊዜ ይጠፋል። የእርድ እድፍም እንዲሁ ነው። እርድ የነካው ልብስ ሳሙና ሲያገኘው ወደ ቀይ ቢለወጥ አትደንግጡ፤ እርድ ሳሙናና ሶዳ ሲነካው ይቀላል፣ ሎሚ ሲነካው ወደ ቢጫነቱ ይመለሳል።

የደበዘዘውን ጥለት ግን የሚመልስ የቤት መላ የለም፣ እውነቱን ልንገርዎት። በረኪና የክሩን ማቅለሚያ አፍርሶታል። ልብስ ሰፊ ዘንድ ወስደው ጥለቱ ይቀየር እንደሆነ ይጠይቁ። ለወደፊቱ ጥለት ያለው ልብስ በረኪና አይንካው። ሱፍና ሐርም እንደዚያው፤ እነሱን በረኪና ያቀልጣቸዋል።

ነጠላ ላይ ጧፍ የሚንጠባጠብባችሁም ብዙ ናችሁ። ሰሙ እስኪጠነክር ጠብቁ፣ በረዶ ካለ ይያዝበት፣ ከዚያ በጥፍር ወይም በማንኪያ ጫፍ አራግፉት። የቀረውን በሁለት ነጭ ሶፍት መሐል አድርጋችሁ ሞቅ ባለ ካውያ ተጫኑት። የንብ ሰም በ60ዎቹ ዲግሪ ሴልሺየስ መጀመሪያ ላይ ስለሚቀልጥ ካውያው መጋል የለበትም፤ በተለይ ጥለቱ ሰው ሠራሽ ክር ከሆነ። ጋዜጣ አትጠቀሙ፣ ቀለሙ ወደ ነጠላው ያልፋል።

ከድሬዳዋ፣ አንዲት አድማጭ፦ «ማንቆርቆሪያዬ ውስጡ ድንጋይ ሠርቷል። ልብስ ሳጥብም የቱንም ያህል ሳሙና ብጨርስ አረፋ አያወጣም። ሳሙናው ነው ወይስ ውሃው?»

ውሃው ነው እህቴ። የድሬዳዋ ውሃ ከከርሰ ምድር የሚወጣ በመሆኑ ከድንጋዩ ካልሲየምና ማግኒዚየም ይዞ ይመጣል። ስታፈዪው ካልሲየሙ ኖራ ሆኖ ማንቆርቆሪያው ላይ ይጋገራል። በቢላ አትፋቂው። አቼቶና ውሃ እኩል በእኩል አድርገሽ፣ ወይም በአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሾርባ ማንኪያ ሲትሪክ አሲድ ጨምረሽ አፍዪው። እሳቱን አጥፊና ግማሽ ሰዓት ይቆይ። ሲፍለቀለቅ ታያለሽ፤ ኖራው እየተፈታ ነው። ውፍረቱ ከበዛ ድገሚው፣ በመጨረሻ ንጹሕ ውሃ አፍልተሽ ድፊው። ሎሚም ይሠራል፣ ግን ለወፈረ ኖራ ብዙ ሎሚ ይፈጃል።

የልብሱ ጉዳይ ትንሽ ሰፋ ያለ ነው። ደረቅ ሳሙና ካልሲየም ሲያገኝ ነጭ ዝቃጭ ይሆናል፤ አረፋ ከመሆኑ በፊት እዚያው ይባክናል። ልብስሽ ላይ የሚቀረው ግራጫ ነገር ያ ዝቃጭ ነው። መፍትሔው ከሳሙናው በፊት ውሃውን ማለስለስ ሲሆን ለዚህ ማጠቢያ ሶዳ ያስፈልጋል። ማጠቢያ ሶዳ ካላገኘሽ ከቤኪንግ ሶዳ ልትሠሪው ትችያለሽ። ቤኪንግ ሶዳውን በሰፊ የማይዝግ ብረት ዕቃ ዘርግተሽ 200 ዲግሪ ኦቭን ውስጥ አንድ ሰዓት አቆዪው። ኦቭን ከሌለ በደረቅ የብረት መጥበሻ መካከለኛ እሳት ላይ እያማሰልሽ አሙቂው፤ አሉሚኒየም ግን አይሁን። እንፋሎትና ጋዝ እየለቀቀ ይቀንሳል፤ 100 ግራሙ ወደ 63 ግራም ሲወርድ ሥራው አልቋል። በባልዲ ውሃ ሁለት የሾርባ ማንኪያ በጥብጠሽ ከዚያ በኋላ ሳሙናውን ጨምሪ። ይህ ዱቄት ከእንግዲህ ለዳቦ አይሆንም፤ ቆዳም ስለሚያቃጥል ጓንት አድርጊ።

ከሪያድ፣ በድምፅ መልእክት፦ «ሰው ቤት ነው የምሠራው። ማዳም መታጠቢያ ቤቱ እንዲያብረቀርቅ ትፈልጋለች። ክሎርና የኖራ ማስለቀቂያውን አንድ ላይ አፍስሼ በሩን ዘግቼ ስፈትግ ጉሮሮዬ ተቃጠለ፣ ዓይኔ አነባ፣ ደረቴን ጨነቀኝ። ሽታው አይስማማኝም ማለት ነው?»

እህቴ፣ ይህ የመስማማት ያለመስማማት ጉዳይ አይደለም። ማንም ሰው እዚያ ክፍል ውስጥ ቢሆን የሚያገኘው ይህንኑ ነው። ክሎር የምትሉት እኛ በረኪና የምንለው ነው። የኖራ ማስለቀቂያ ደግሞ አሲድ ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ይህ ጋዝ ሳንባ የሚጎዳ መርዝ ነው። ከአየር በሁለት እጥፍ ተኩል ያህል ስለሚከብድ ወደ ታች ይተኛል፤ አንቺ ተንበርክከሽ በምትፈትጊበት ከፍታ ማለት ነው። አቼቶም ሎሚም አሲድ ስለሆኑ ከበረኪና ጋር ያው ናቸው። አሞኒያ ያለበት የመስታወት ማጽጃም ከበረኪና ጋር ሌላ መርዘኛ ጋዝ ይሠራል።

እንዲህ ያለ ነገር ከተሰማሽ ሁሉን ጥለሽ ውጪ። በሩን ክፍት ተዪው፣ አየር ወዳለበት ሂጂ። ላጥበው ብለሽ ወዲያው አትመለሺ። ዓይንሽን ካቃጠለሽ ቢያንስ 15 ደቂቃ በሚፈስ ንጹሕ ውሃ እጠቢው። ሳሉ ካልተወሽ፣ ትንፋሽ ካጠረሽ ወይም ደረትሽን ከጨነቀሽ ሐኪም ዘንድ መሄድ አለብሽ፤ ሕመሙ ከሰዓታት በኋላ ሊብስ ይችላል። «ክሎር» የሚለው ቃል በዐረብኛም ያው ነው፤ ለሐኪሙ እሱንና «አሲድ» የሚለውን ንገሪው፣ ይገባዋል።

ሥራውን ደግሞ እንዲህ ከፋፍዪው። ዛሬ በአሲዱ ኖራውን አስለቅቀሽ በብዙ ውሃ እጠቢው። በረኪናው ለነገ ይቆይ። ነገ መጀመሪያ በሳሙና እጠቢ፣ ምክንያቱም እድፍ ካለ በረኪናው እድፉ ላይ ኃይሉን ይጨርሳል። ከዚያ 5 በመቶ የሆነውን በረኪና በአንድ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ አራት የሻይ ማንኪያ አድርጊ። ከዚህ በላይ አያስፈልግም። አሥር ደቂቃ ካቆየሽው ጀርሙን ይገድላል። በየቀኑ አዲስ በጥብጪ፣ ያደረው ይደክማል። በሩ ይከፈት፣ የአየር መሳቢያው ይሥራ። ማዳም ሁለቱን አንድ ላይ አድርጊ ብትልሽ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ማስጠንቀቂያ አሳያት፤ በዐረብኛ ተጽፎ ይገኛል። ይህን የምታዳምጡ ሌሎች እህቶች፣ በአንድ ቤት አብራችሁ ለምትሠሩት ሁሉ ንገሩ።

ከአዳማ፣ አንድ ወጣት፦ «ቲክቶክ ላይ አቼቶና ቤኪንግ ሶዳ ቀላቅለው ሁሉን ነገር ሲያጸዱ አይቻለሁ። አረፋው ኃይለኛ ነው። በጠርሙስ አዘጋጅቼ ማስቀመጥ እችላለሁ?»

አትችልም፣ ወንድሜ። ከደፈንከው ጋዙ ጠርሙሱን ያፈነዳዋል። ሳይደፈን ቢቀመጥም ጥቅም የለውም። አቼቶ አሲድ ነው፣ ሶዳ ተቃራኒው ነው፤ ሲገናኙ ተፋቅተው የሚቀረው በአብዛኛው ውሃና ትንሽ ጨው ነው። አረፋው ዓይን ይማርካል እንጂ ሁለቱ ለየብቻ ያላቸውን አቅም አጥፍቷል። ለቅባትና ለሽታ ሶዳውን ብቻ፣ ለኖራና ለዝገት አቼቶውን ብቻ ተጠቀም። የተደፈነ የዕቃ ማጠቢያ ካለህ ፈሳሽ ሳሙናና ብዙ ሙቅ ውሃ አፍስስበት፣ የሚደፍነው አብዛኛውን ጊዜ የረጋ ቅባት ነው።

ከሀዋሳ፦ «ያረረ ድስት በሶዳ ቀቅዬ ጠቆረብኝ።»

ድስቱ አሉሚኒየም ነው ማለት ነው። አሉሚኒየም ሶዳ፣ አመድና በረኪና አይወድም፣ ይጠቁራል። ውሃ ሞልተው የሁለት ሎሚ ጭማቂ ከነልጣጩ ጨምረው ሩብ ሰዓት ይቀቅሉት፣ ይነጣል። ለማይዝግ ብረት ድስት ግን ሶዳው ትክክለኛው ነበር።

ከአዲስ አበባ፣ ሽሮ ሜዳ፣ ቡና የሚያፈሉ እናት፦ «ጀበናዬ የቡናዬን ጣዕም እያበላሸብኝ ነው። በሳሙና ልጠባት?»

በፍጹም እናቴ። ሸክላ ይመጥጣል፤ የመጠጠውን ሳሙና በየስኒው ይመልስልዎታል። ጣዕሙን ያበላሸው በውስጧ የቀረው የቡና ቅባት ከርሞ ነው። አንድ እፍኝ ደረቅ ጨው ከጥቂት ሙቅ ውሃ ጋር አስገብተው በደንብ ይነቅንቋትና ይድፉት። ከዚያ አንድ የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በሙቅ ውሃ ሞልተው ይደርባት። ጠዋት አጥበው ንጹሕ ውሃ ሁለት ጊዜ አፍልተው ይድፉ፤ ለሦስተኛ ጊዜ የትናንቱን አተላ አፍልተው ይድፉ። ከዚያ ለሰው ይቅዱ። ማታ ማታ አተላውን ውስጧ አያሳድሩ፣ አፏም ሳይደፈን ትድረቅ። የሻይ ፔርሙስ ውስጡ ሲጠቁርም ያው ሶዳና የፈላ ውሃ ይበቃዋል።

ከደብረ ማርቆስ፦ «አያቴ ነጭ ልብስ በእንዶድ ነበር የምታጥበው። ዛሬም ይሠራል?»

ይሠራል። የእንዶድ ፍሬ ሳፖኒን የሚባል በተፈጥሮ የሚያረፋ ነገር አለው። ደርቆ የተፈጨውን ለብ ባለ ውሃ በጥብጦ፣ በጨርቅ አጥልሎ ነጠላና ጋቢ መዘፍዘፍ ነው፤ ለጥጥ የዋህ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፈው ይኸው ቀንድ አውጣ ነው። በዚያ ምርምር ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀብለዋል። ነገር ግን ቀንድ አውጣን የሚገድል ዓሣንም ይገድላል፤ እጣቢውን ወንዝ ውስጥ አትድፉ። ፍሬውም ከልጆችና ከከብት ይራቅ፣ ቢዋጥ መርዝ ነው።

ሌሎቹን ባጭሩ ልለፋቸው። የደም እድፍ በቀዝቃዛ ውሃና በጨው ነው፣ ሙቅ ውሃ ያጋግረዋል። ዩኒፎርም ላይ የፈሰሰ እስክሪብቶ ከሥሩ ሶፍት አንጥፎ በአልኮል ወይም በሳኒታይዘር መነካካት ነው፤ ማሸት ያሰፋዋል። የዝገት እድፍ ሎሚና ጨው ቀብቶ ፀሐይ ላይ ማስጣት፤ በረኪና ግን ዝገትን ያብሰዋል። በክረምት ሳይደርቅ ቀርቶ የሚሸት ልብስ መጨረሻ የሚለቀለቅበት ባልዲ ውስጥ ግማሽ ብርጭቆ አቼቶ ይግባበት፤ በዚያው እጥበት በረኪና ካልነካው ብቻ።

ከመቀሌ፣ አንዲት ወጣት እናት፦ «በረኪና ከሱቅ በሃይላንድ ነው የምገዛው። ቤትም እዚያው ነው የማስቀምጠው። ልጄ ሦስት ዓመቱ ነው፣ እየፈራሁ ነው።»

ፍርሃትሽ ትክክል ነው። ልጅ ሃይላንድ ሲያይ የሚያየው ውሃ ነው። ዛሬውኑ የውሃ መልክ ወደሌለው፣ ክዳኑ ወደሚጠብቅ ጄሪካን ገልብጪው፤ ብርሃን የማያሳልፍ ቢሆን ኃይሉም አይደክምም። በትልቁ «በረኪና» ብለሽ ጻፊበት፣ ልጁ ወንበር ላይ ቆሞም ከማይደርስበት ከፍታ አስቀምጪው። የተረፈ ብጥብጥ ኩባያ ውስጥ አይደር።

ልጅ ከጠጣ አታስመልሱት። ሲመለስ ጉሮሮውን ሁለተኛ ያቃጥለዋል። ወተትም፣ ሎሚም፣ ዘይትም በግድ አታጠጡት። አፉን በውሃ አጉመጥምጡት፣ መዋጥ ከቻለ ጥቂት ውሃ ይጎንጭ፣ ልብሱ ላይ ከፈሰሰ አውልቃችሁ ገላውን እጠቡት። ከዚያ ወዲያው ወደ ሆስፒታል ውሰዱት፤ የጠጣበትንም ዕቃ ከነትራፊው ይዛችሁ ሂዱ።