ስልክ ቁጥሩ ፎቶው ውስጥ ነበር
ሀዋሳ ላይ ለድረ ገጽ ሠሪ ወጣቶች የተደረገ ንግግር

እህቶቼና ወንድሞቼ፣ እንደምን አረፈዳችሁ።

ከሻሸመኔም፣ ከዲላም፣ ከይርጋዓለምም የመጣችሁ አላችሁ። እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ እንድናገር የተጠየቅሁት ድረ ገጽን በቡድን ስለመሥራት ነው። ስለ ኮድ ብዙ አልልም። የማወራው ኮዱ ከመጻፉ በፊት ጠረጴዛ ዙሪያ ስለሚባለው ነገር ነው። ይበልጡን ደግሞ ስለማይባለው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አራት ሆነን ለአንድ የእንግዳ ማረፊያ ድረ ገጽ ሠራን። እዚሁ ከተማ፣ ሐይቁ አጠገብ ነው። እኔ ጽሑፉን ያዝኩ። አንዷ ዲዛይኑን፣ አንዱ ኮዱን፣ አንዱ ፎቶውን። ሥራውን ተከፋፈልንና ወደየቤታችን ሄድን። ከሦስት ወር በኋላ የየድርሻችንን ይዘን መጥተን ገጣጠምነው። ያምር ነበር። ሲከፈት የሐይቁ ፎቶ ስክሪኑን ይሞላዋል። ቀጥሎ የባለቤቱ መልእክት ይመጣል፤ ከዚያ ራእይ፣ ከዚያ ተልእኮ። ስልክ ቁጥሩ ፎቶው ላይ በሚያምር ፊደል ተጽፏል።

አንዲት እናት ልጆቿን ይዛ ከአዲስ አበባ ስትመጣ መንገድ ላይ ገጹን ከፈተችው። ቁጥሩን ነካችው፤ አይደውልም። ኮፒ ልታደርገው ሞከረች፤ አይሆንም። ፎቶ ነዋ! ዋጋውን ፈለገች፤ መልእክቱና ራእዩ አላልቅ አላት። በቃ፣ ሌላ ቦታ አደረች። ይህን የነገረችን ከወራት በኋላ ነው፤ በሰው በሰው ቁጥሩን አግኝታ እንግዳ ሆና ስትመጣ።

እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ አለማወቃችን አይደለም። እናውቅ ነበር። ፕሮግራመሩ ቁጥሩ ፎቶ ውስጥ መሆኑን አይቷል። ግን ዲዛይነሯ ታላቁ ናት፤ ሥራ ያስለመደችውም እሷ ናት። እንዴት ብሎ ይንገራት? እኔም የባለቤቱ መልእክት ከክፍል ዋጋ መቅደሙ ልክ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን ባለቤቱ፣ ጋሼ፣ አክብረውናል፣ ቤታቸው ምሳ ጋብዘውናል። ዝም አልኩ።

ይሉኝታ ነው። ይሉኝታ በጎረቤት፣ በዕድር፣ በለቅሶ ቤት አብሮ ያኖረናል። ድረ ገጽ በሚሠራ ቡድን መሃል ሲገባ ግን ዕዳውን የሚከፍለው እዚያ ያልተቀመጠ ሰው ነው። ያቺ እናት ስብሰባችን ላይ አልነበረችም። ስለ እሷ የሚናገርላትም አልነበረም።

እኛን ከዚህ ያወጣን አንድ ልማድ ነው። ገጹን አልቆ ሳይሆን ገና በጅምሩ ለሰው መስጠት። ስልኩን ታቀብሉታላችሁ፣ አንድ ሥራ ትሰጡታላችሁ። "ለቅዳሜ ለሁለት ሰው የሚሆን ክፍል ስንት እንደሆነ ፈልግልኝ" በሉት። ከዚያ አትርዱት። አታስረዱት። ጣቱ የት እንደሚሄድ፣ የት እንደሚቆም ብቻ እዩ። ጃኮብ ኒልሰን የሚባሉት የዚህ ሙያ ሰው፣ በፈረንጆቹ 2000 ዓ.ም. በጻፉት ጽሑፍ 5 ሰው ብቻ ብትፈትኑ አብዛኛውን ችግር ታገኛላችሁ ብለዋል። 5 ሰው ማን ያጣል? የሰፈር ልጅ፣ አክስት፣ የባጃጅ ሹፌር፣ ቡና የምታፈላ እህት።

ለእኛ ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው። ጥፋቱን የሚናገረው የቡድኑ ታናሽ መሆኑ ይቀራል። ጋሼ ራሳቸው አጠገብ ቆመው፣ ሰውየው መልእክታቸውን ሳያነብ ወደ ታች ሲወርድ አዩ። "ወደ ኋላ ውሰዱት" አሉን። ማንም ክፉ ቃል አልተናገረም።

የጀልባው ነገር የተገለጠልንም እንዲሁ ሰው በማየት ነው። ገጹ ላይ የጀልባ ሽርሽር ማስያዣ ፎርም ነበረን። ፕሮግራመሩ ተዘጋጅቶ የተገኘ ፎርም አምጥቶ ገጠመው። ሰዓቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። እንግዶች 2:00 ብለው ይሞላሉ፤ ጠዋት ማለታቸው ነው። ፎርሙ ግን ከሰዓት በኋላ 8 ሰዓት አድርጎ ይመዘግበዋል። ሰዎቹ በማለዳ ዳርቻው ላይ ቆመው ይጠብቃሉ፤ ባለ ጀልባው ገና ቤቱ ነው። አሁን "ጠዋት 2 ሰዓት" ብለን በቃል እንጽፋለን፤ ለውጭ እንግዳ የእሱ ሰዓት ከጎኑ አለ። ከውጭ የሚመጣ የቀን መቁጠሪያም ጳጉሜን አያውቅም። የስም ፎርሙ "የቤተሰብ ስም" ይጠይቃል። እኛ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ነው ያለን። ይህን ፕሮግራመሩ ብቻውን እንዲያስበው መተው ግፍ ነው። የቡድኑ ሥራ ነው።

የከተማችንን ስም እንኳ ተመልከቱ። ሀዋሳ፣ ሐዋሳ፣ አዋሳ። ሦስቱም ይጻፋል። ገጻችሁ ላይ መፈለጊያ ካለ "አዋሳ" ብሎ የጻፈ ሰው ባዶ እጁን መመለስ የለበትም። ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ ለመፈለጊያው እንደ አንድ እንዲታዩ አድርጉ። ጽሑፋችሁ ላይ ግን አንዱን መርጣችሁ እስከ መጨረሻው በእሱ ሂዱ። ምርጫውን አንድ ሰው ይያዘው። ሦስት ሰው በሦስት ፊደል ከጻፈ አንባቢ ገጹ ባለቤት ያለው አይመስለውም።

ስለ ጽሑፍ ካነሳሁ ልጨምር፤ ይህ የእኔ ሙያ ስለሆነ ታገሱኝ። ጽሑፉ ከዲዛይኑ ይቅደም። በዓለም የመጀመሪያው ድረ ገጽ፣ ቲም በርነርስ ሊ በ1991 እ.ኤ.አ. ስዊዘርላንድ ባለው ሰርን በሚባለው የፊዚክስ ምርምር ማዕከል የከፈቱት፣ ጽሑፍና ማገናኛ (ሊንክ) ብቻ ነበር። ሰው የሚመጣው ለመልስ ነው። ዲዛይነር ሳጥኑን ለጊዜው ቦታ በሚይዙ የላቲን ቃላት ሞልቶ ካስዋበ በኋላ አማርኛው ሲገባ መስመሩ ይጨናነቃል። ፊደላችን በመስመሩ መሃል ሰፋ ያለ ቦታ ይፈልጋል። ሲዳምኛ ደግሞ በላቲን ፊደል ነው የሚጻፈው፤ አማርኛው በሁለት ፊደል የጨረሰው ቃል እዚያ ሊረዝም ይችላል። ገጹ ላይ የሚነካውን ቁልፍ ለአጭሩ ቃል ብቻ ከለካችሁት ረጅሙ ይቆረጣል። ለዚህ ነው የሲዳምኛ ጽሑፉን የሚያዘጋጀው ሰው ከመጀመሪያው ቀን አብሯችሁ መቀመጥ ያለበት። በመጨረሻው ሌሊት "እስቲ ቶሎ ተርጉምልን" ማለት ለቋንቋውም ለሰውየውም ክብር አይደለም።

ጽሑፍን ፎቶ ውስጥ መክተት ደግሞ ዛሬ ምክንያት የለውም። ድሮ አማርኛ በየኮምፒውተሩ ስለማይነበብ ሰው በፎቶ ያስቀምጠው ነበር። ፊደላችን ኮምፒውተሮች የዓለምን ፊደላት የሚለዩበት የጋራ መለያ፣ ዩኒኮድ፣ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ጽሑፍ ጽሑፍ ሆኖ ሲቀመጥ ይነካል፣ ይፈለጋል፣ ማየት ለተሳነው ሰውም የስልኩ ድምፅ ሊያነብለት ይችላል።

ፎቶግራፍ አንሺዎች አትቀየሙኝ። በስልክ የተነሳ አንድ ፎቶ 4 ወይም 5 ሜጋባይት ሊሆን ይችላል። 10 ፎቶ እንዳለ ከጫናችሁ የአንድን ሰው የኢንተርኔት ፓኬጅ ትበላላችሁ። አሳንሱት። የፎቶው ክብደት ከስንት እንዳይበልጥ ቡድኑ ቀድሞ ይስማማ። ቀለሙም እንዲሁ። ቢሮ ውስጥ ያማረ ግራጫ ጽሑፍ ሐይቁ ዳር በቀትር ፀሐይ አይታይም። ድረ ገጽ ለሁሉም ሰው እንዲመች የወጣው ዓለም አቀፍ የተደራሽነት መመሪያ በተለመደው መጠን በተጻፈ ጽሑፍና በጀርባው መሃል ቢያንስ 4.5 ለ 1 የሆነ የብርሃን ልዩነት ይጠይቃል። በነጻ የሚለኩ መሣሪያዎች አሉ፤ ለክተን እንነጋገር። "አልወደድኩትም" እና "ያምራል" ተባብለን ጓደኛ ከምንቀየም ቁጥሩ ይፍረድ።

ዶሜይኑ፣ ማለትም የገጹ አድራሻ፣ እና ፓስወርዱ በአንድ ልጅ የግል ኢሜይል አይመዝገብ። ልጁ ሥራ ቀይሮ ይሄዳል፤ ዓመታዊው ክፍያ ያልፋል፤ ገጹ ይዘጋል። የክፍል ዋጋ ሲጨምር ገጹ ላይ ማን እንደሚያስተካክለውም ከመክፈታችሁ በፊት በስም ጻፉ።

አሁን የዛሬውን ሥራ ልንገራችሁ። አራት አራት ሆናችሁ ትቀመጣላችሁ። እያንዳንዱ ቡድን አንድ ወረቀት ይዞ ሦስት ነገር ይጽፋል። ገጹን የሚከፍተው ማን ነው? ምን ቸግሮት ነው? ሲወጣ ምን ይዞ ይሂድ? ወረቀቱ ላይ መጀመሪያ የሚናገረው ከቡድኑ በዕድሜ ታናሹ ነው። ታላላቆች ተራችሁን ጠብቁ። ከዚያ መነሻ ገጹን በእርሳስ ንደፉት። ከምሳ በኋላ ወረቀታችሁን ይዛችሁ ሐይቁ ዳር ወዳሉት ወደ ፍቅር ሐይቅና ወደ አሞራ ገደል ውረዱ። እያንዳንዱ ቡድን 5 ሰው በትህትና ይጠይቅ፤ ወረቀቱን እንደ ስልክ ይንኩላችሁ። ጣታቸው የቆመበትን ቦታ ምልክት አድርጉ። ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ እዚሁ አዳራሽ እንገናኝ፤ ምልክቶቹን ግድግዳው ላይ እንለጥፋለን።

አመሰግናለሁ።