አሮጌው ኤንፒአር ላይ ተርቦ ልግጠም ወይ? የአድማጮች ጥያቄና የመካኒኩ መልስ

ጠያቂ፣ ከደብረ ማርቆስ፦ ጋሼ እንደምን ዋሉ፣ አሮጌ አይሱዙ ኤንፒአር አለችኝ፣ ሞተሯ ፎርቢዲዋን ነው፣ ተርቦ የለውም። ጤፍ ጭኜ ከደጀን አባይ በረሃ ወርጄ ወደ ጎሃ ጽዮን ስወጣ በሁለተኛ ማርሽ ነው የምጎተተው፣ አዳዲሶቹ ክላክስ እያደረጉ ያልፉኛል። ተርቦ ላስገጥም ወይስ ናፍጣ የሚመጥነውን ፖምፓ ላስጨምር?

መልስ፦ እግዚአብሔር ይመስገን ወንድሜ። እንግዲህ መጀመሪያ መኪናዋን አትውቀሳት። ማርቆስ 2400 ሜትር ምናምን ከፍታ ላይ ነው ያለው፣ እዛ የአየሩ ግፊት ከባህር ጠለል በሩብ ያህል ያንሳል፣ ተርቦ የሌለው ሞተር ደግሞ ያገኘውን አየር ብቻ ነው የሚስበው። ከፋብሪካ ሲወጣ 100 የፈረስ ጉልበት ቢኖረው እናንተ ጋ 80 ከሰጠህ ጎበዝ ነው በለው። ታች አባይ ድልድዩ ጋ ይሻለዋል፣ ወደ ጎሃ ጽዮን በወጣህ ቁጥር ደግሞ እየደከመ ይሄዳል። ተርቦ ያላቸው አየሩን ጨምቀው ስለሚያስገቡ ከፍታው እንዳንተ አይጎዳቸውም፣ የሚያልፉህም በዚህ ነው። ስለዚህ ሀሳብህ ልክ ነው፣ ግን ከየት እንደምትጀምር ነው ነገሩ።

ተርቦ ከመግዛትህ በፊት ኮምፕሬሽን፣ ማለትም ሲሊንደሮቹ አየሩን የሚጨምቁበትን ግፊት አስለካ። አንዱ ሲሊንደር ከሌሎቹ ከ10 ፐርሰንት በላይ ከወረደ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ወይ ቫልቩ አልቋል፣ በዛ ላይ ተርቦ መጫን ገንዘብ ማቃጠል ነው። መለኪያ ከሌለ ሞተሩ እየሰራ የዘይት መሙያውን ክዳን ክፈት፣ ጭስ እየገፋ ፉፍ ፉፍ ካለ መልሱን አገኘህ ማለት ነው። ከዛ ናፍጣ የሚረጩት ኖዝሎች መፈተሻ ቤንች ላይ ይታዩ፣ የአየር ፊልትሮው ይቀየር። እውነቴን ነው፣ ብዙ ሰው በነዚህ ብቻ የጠፋበትን ጉልበት አግኝቶ ተርቦውን ይረሳዋል።

ቀጥሎ ሙቀት ነው። ጉልበት ከጨመርክ ሙቀት ጨመርክ፣ አባይ በረሃ ላይ ደግሞ ከታች ሙቀቱ ከላይ ዳገቱ። ራዲያተሩ ወርዶ ይጠረግ። ቴርሞስታቱን አውልቃችሁ የምትጥሉ ልጆች እባካችሁ ተዉ፣ ያለሱ ደጋ ላይ ሞተሩ በርዶ ይሰራል፣ ናፍጣው በደንብ አይቃጠልም፣ ካሚቻ (የሲሊንደሩ ልባስ) እና ፋሻ ይበላል፣ በረሃ ላይ ደግሞ ማውለቁ የተበላሸ ራዲያተር አያድንልህም። የራዲያተር ክዳኗንም ትንሽ ናት ብለህ አትለፋት፣ ማርቆስ ላይ ክፍት ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚፈላው፣ ክዳኗ ግፊት ካልያዘች የራዲያተርህም ውሃ እዛው ላይ ይፈላል።

ይሄ ሁሉ ካለቀ በኋላ እኔ ብሆን ኪት፣ ማለትም ባለው ሞተር ላይ የሚጨመር ተርቦ ከማስገጥም ሙሉውን ፎርቢዲዋን ቲ ሞተር ነው የምፈልገው። ያው 3.9 ሊትር ነው፣ ብሎኩም የአንድ ቤተሰብ ነው፣ ግን ከመጀመሪያው ለተርቦ ታስቦ የተሰራ ነው። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ መለዋወጫ ገበያ ስትፈልግ የተርቦውን ዘንግ በጣትህ ያዝና አንቀሳቅሰው፣ ወደ ጎን ትንሽ ቢነቃነቅ ችግር የለውም፣ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ከተንቀሳቀሰ ወይ ቅጠሉ ቤቱን ከነካ ጥለኸው ሂድ። አይ ኪት ነው የምለው ካልክ ግፊቱ ከ0.5 ባር አይለፍ፣ የጭስ ሙቀት መለኪያ ከተርቦው በፊት አስገባ፣ ዳገት ላይ 700 ዲግሪ ከተጠጋ ማርሽ ቀንስና እግርህን አንሳ፣ አለዚያ ፒስተን ነው የሚቀልጠው። ጎሃ ጽዮን ደርሰህ ሻይ ልትል ስትቆምም ወዲያው አታጥፋ፣ ሁለት ሶስት ደቂቃ ይንተክተክ፣ ተርቦው ውስጥ ያለው ዘይት እንዳያር።

ጠያቂ፣ ከፍኖተ ሰላም፦ እኔ ፖምፓውን አስጨምሬ ነበር፣ መጀመሪያ ጥሩ ነበር አሁን ግን ጥቁር ጭስ ብቻ ሆነ።

መልስ፦ ጥቁር ጭስ አየር ያላገኘ ናፍጣ ነው፣ በገንዘብህ የገዛኸው። አየሩ ሳይጨምር ናፍጣ ብቻ ተጨመረ፣ በቃ። ወደ ቦታው አስመልሰው፣ ደግሞ በጆሮ ሳይሆን ቤንች ላይ።

ጠያቂ፣ ከቡሬ፦ አባታችን የተዉልን ፊያት ኤንትሬ አለች፣ ወንድሞቼ ሞተሯን አውጥተን ዘመናዊ እናስገባ ይላሉ፣ እኔ ግን ሆዴ እምቢ አለኝ።

መልስ፦ እህቴ ሆድሽ ልክ ነው። ኤንትሬ የፊያት 682 ዘር ናት፣ በፈረንጅ ከ1952 ጀምሮ የወጣ መኪና ነው፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ ቀስ ብሎ የሚዞር ሞተር፣ ካምቢዮውም ዲፈረንሻሉም የተሰራው ለዛ ዝግተኛ ዙር ነው። ቶሎ የሚዞር አዲስ ሞተር ስታስገቡ ማርሹ አይገጥምለትም፣ ወይ ይጮሃል ወይ ይሞታል፣ ከዛ ካምቢዮ ትቀይራላችሁ፣ ከዛ የካርዳን ዘንግ፣ ከዛ ፍሪሲዮን፣ ማለቂያ የለውም። ፍሬኑ ግን ያው የድሮው ነው! የሚወጣበት ፍጥነት ሲጨምር የሚወርድበትም ይጨምራል፣ ከደጀን እስከ ድልድዩ ደግሞ 20 ኪሎሜትር ገደማ ቁልቁለት ነው። በዛ ላይ የሞተር ቁጥሩ ሊብሬው ላይ ስላለ ትራንስፖርት ቢሮ ሳታስመዘግቡ ብትቀይሩ ቦሎ ላይ ጣጣ ነው። ወንድሞችሽን በያቸው፣ በዚያው ብር የራሷ ሞተር ይውረድ፣ ካሚቻና ፋሻ ይቀየር፣ ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ይፈተሽ፣ ፖምፓው ይስተካከል፣ የተረፈው ፍሬን ላይ ይዋል።

ጠያቂ፣ ከባህር ዳር፦ ማርሚታውን (የጭሱን ድምጽ ማፈኛ) ቆርጬ ብጥለው ጉልበት ይጨምራል ይላሉ፣ እውነት ነው?

መልስ፦ ድምጽ ይጨምራል። ይልቅ አይሱዙ ከሆነች ጭስ መውጫው ላይ ያለችውን፣ ቁልቁለት ላይ ጭሱን ዘግታ መኪናውን የምትይዘውን የሞተር ፍሬን ቢራቢሮ እያት፣ ጥላሸት ይዟት ግማሽ ተዘግታ ተጣብቃ ከሆነ ጉልበትህን የበላችው እሷ ናት። አውልቃችሁ በናፍጣ እጠቧት፣ በእጅ ስትገፋት እስከ መጨረሻው ትከፈት።