የአድማጮች ጥያቄና መልስ፦ የአሮጌ ሚያታ ፍሪሲዮን ፔዳል ሲልል

በዛሬው ክፍለ ጊዜ እንግዳችን የሆኑት መካኒክ፣ በአሜሪካ የሚኖሩ አድማጮቻችን ስለ መጀመሪያዋ ማዝዳ ሚያታ ላቀረቧቸው ጥያቄዎች መልስ ሰጥተዋል። ይህች ባለ ሁለት ወንበር መኪና ከ1989 እስከ 1997 እ.ኤ.አ. የተመረተች ስትሆን ፍሪሲዮኗ (ሞተሩን ከካምቢዮው፣ ማለትም ከማርሽ ሳጥኑ፣ የሚያላቅቀው ክፍል) በዘይት ግፊት ይሠራል።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ የ1991 ሚያታ አለኝ። ጧት ማርሹ ደህና ይገባል፤ ትንሽ ከነዳሁ በኋላ ግን የኋላ ማርሽ እየጮኸ እምቢ ይላል፣ ፔዳሉም ይልላል። አንድ ጋራዥ ካምቢዮው ወርዶ የፍሪሲዮኑ ሸራ መቀየር አለበት ብሎኛል። እውነት ነው?

ካምቢዮውን ከማስወረድዎ በፊት የታችኛውን ፖምፓ ይመልከቱ። ፖምፓዎቹ ሁለት ናቸው፤ የላይኛው የፔዳሉን ግፊት በዘይት ይልካል፣ የታችኛው ደግሞ ግፊቱን ተቀብሎ ፍሪሲዮኑን ያላቅቃል። ሸራ ሲያልቅ ሞተሩ እየጮኸ መኪናዋ አልሄድ ትላለች እንጂ ማርሽ አልገባም አይልም። ማርሽ የሚያስቸግረው ፍሪሲዮኑ በሙሉ ሳይላቀቅ ሲቀር ነው፤ በዚህች መኪና ላይ ደግሞ የዚህ መነሻ በአብዛኛው የግፊቱ ዘይት ነው።

ኮፈኑን ከፍተው በሹፌሩ በኩል ያለችውን ትንሿን የፍሪሲዮን ዘይት ጣሳ ይዩ። ዘይቱ ከጎደለ ወይም እንደ ቡና አተላ ከጠቆረ ጎሚኒዎቹ፣ ማለትም በፖምፓዎቹ ውስጥ ዘይቱን የሚያግዱት ጎማዎች፣ እየተበሉ ነው። ቀጥሎ በካምቢዮው ቀኝ ጎን በሁለት ቡሎን የታሰረውን የታችኛውን ፖምፓ ያግኙና የአቧራ መከላከያ ጎማውን በጣትዎ ገለጥ ያድርጉት፤ ከውስጡ ዘይት ከወጣ ጥፋተኛውን አገኙት። ደረቅ ከሆነ ወደ ሹፌሩ ወንበር ተመልሰው ከፔዳሉ በላይ የግፊት ዘንጉ ወደ ሞተሩ ክፍል የሚያልፍበትን ቦታ ይዳስሱ፤ እዚያ እርጥበት ካለ የሚያፈሰው የላይኛው ፖምፓ ነው። ሁለቱም ደረቅ ከሆኑ፣ ፊት ለፊትዎ ባዶ በሆነ ቦታ አንደኛ ማርሽ አስገብተው ፔዳሉን እንደረገጡ ይቆዩ። መኪናዋ ቀስ በቀስ ወደ ፊት መሳብ ከጀመረች የላይኛው ፖምፓ በውስጡ ግፊት እያሳለፈ ነው ብለው ይጠርጥሩ። ከስር ለማየት ሲገቡ ግን መኪናዋ በካቫሌቶ (የተነሳ መኪና በሚያሳርፉበት የብረት መቆሚያ) ላይ ትቁም፤ ወደዚህ ጉዳይ እመለሳለሁ።

ከአትላንታ፦ ዘይቱ ሲጎድል የመሪ ዘይት ብጨምርበት ችግር አለው?

አለው፤ ጎሚኒውን አሳብጦ ያበላሸዋል፣ ስለዚህ የሚጨመረው ዶት 3 የፍሬን ዘይት ብቻ ነው።

ከዴንቨር፦ የሚያፈሰው የታችኛው ብቻ ነው። ሁለቱንም ልቀይር?

ሁለቱንም ይቀይሩ። ጎሚኒዎቻቸው እኩል አርጅተዋል፣ የጠጡትም ያንኑ ቆሻሻ ዘይት ነው፤ የታችኛው ታድሶ ግፊቱ ሲመለስ ደካማው የላይኛው በአጭር ጊዜ ውስጥ ይከተላል። ተጣጣፊውን ቱቦም አብረው ቢያድሱት እመርጣለሁ። ዘይቱን በተመለከተ ደግሞ ጋራዥዎ ውስጥ ተከፍቶ የከረመውን ጠርሙስ አይጠቀሙ። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፤ አዲስ ዶት 3 እስከ 205 ዲግሪ ሴልሺየስ ሳይፈላ እንዲቆይ መስፈርቱ ያስገድዳል፣ እርጥበት ለጠጣው ግን መስፈርቱ ወደ 140 ይወርዳል። ቀለም ላይ ከፈሰሰ ቀለሙን ስለሚልጠው ወዲያውኑ በውሃ ይታጠብ።

ከአሌክሳንድሪያ፦ ፖምፓውን ራሴ ልቀይር ነው። መኪናዋን ከራሷ ጋር በመጣው ክሪክ አንስቼ ስሯ ሁለት ብሎኬት አስገብቻለሁ። ቡሎኖቹን የምፈታው በስንት ቁልፍ ነው?

በ12 ቁልፍ ነው፤ ነገር ግን ወንድሜ፣ ቁልፉን ያስቀምጡና መጀመሪያ ከዚያ ስር ይውጡ። ብዙዎቻችን አገር ቤት ሳለን መኪና በድንጋይና በብሎኬት ተደግፋ ስትጠገን አይተን ስላደግን ልማዱን ይዘነው መጥተናል፤ ልማድ መሆኑ ግን ከአደጋ አያድንም። ብሎኬት ለግድግዳ የተሠራ ነው። ውስጡ ባዶ ስለሆነ ክብደት በአንድ ነጥብ ሲያርፍበት ምንም ሳያስጠነቅቅ ይፈረካከሳል። ከመኪናዋ ጋር የሚመጣው ክሪክ ጎማ ለመቀየር ብቻ የታሰበ ሲሆን ትንሽ ከተገፋ ይጋደማል። ትልቁ የወለል ክሪክ ይሻላል የምትሉም አላችሁ፤ እሱም ቢሆን የሚሠራው ልክ እንደ ፍሪሲዮንዎ በጎሚኒ በተያዘ ዘይት ነው። ዛሬ መኪናዋ ስር ያስገባዎት አንድ ጎሚኒ ሳይናገር ማሳለፍ መጀመሩ አይደለምን? ታዲያ ሌላ ጎሚኒ 1,000 ኪሎ የሚጠጋ ብረት ከደረትዎ በላይ ይዞ እንዲቆይ እንዴት ያምኑታል?

በደልዳላ ኮንክሪት ላይ ይሥሩ፤ ፀሐይ ያለሰለሰው አስፋልት ላይ የካቫሌቶ እግር ይሰምጣል። የኋላ ጎማዎቹን ከፊትም ከኋላም በሽብልቅ ይያዙ። የእጅ ፍሬኑ የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ብቻ ስለሆነ ኋላዋ ከተነሳ እንደሌለ ይቁጠሩት። ፊቷን በወለል ክሪክ አንስተው ሁለት የብረት ካቫሌቶዎችን ከፊት ጎማዎቹ ኋላ ባሉት መደገፊያ ቦታዎች ስር ያቁሙ፣ ከዚያም ክሪኩን ዝቅ በማድረግ ክብደቱን በሙሉ ለካቫሌቶዎቹ ይልቀቁ። ከመግባትዎ በፊት መኪናዋን ከጎን በኃይል ይነቅንቋት፤ ከተወዛወዘች አውርደው እንደገና ይጀምሩ። ብቻዎንም አይሥሩ። ካቫሌቶ ከሌለዎት ሥራው ካቫሌቶ እስኪገዙ ድረስ ይቆይ፣ እለምንዎታለሁ።

ከሲያትል፦ ሁለቱንም ፖምፓ ቀይሬ ፔዳሉ መሬት ላይ ቀረ።

ውስጡ አየር አለ። ረዳትዎ ፔዳሉን ቀስ ብሎ ረግጦ ይያዝ፤ እርስዎ በታችኛው ፖምፓ ላይ ያለውን የአየር ማስወጫ ቡሎን፣ ማስተንፈሻውን፣ በ8 ቁልፍ ከፍተው አረፋው ሲወጣ ይዝጉ፤ ፔዳሉ የሚለቀቀው ከተዘጋ በኋላ ብቻ ነው። ይህን እየደጋገሙ ጣሳዋ እንዳትደርቅ በአዲስ ዶት 3 ይሙሏት። እምቢ ካለ የታችኛውን ፖምፓ ከካምቢዮው ይፍቱትና ማስተንፈሻው ከሁሉም በላይ እንዲሆን አዘንብለው ይያዙት። ማስተንፈሻውን ከፍተው ፒስተኑን በእጅዎ ወደ ውስጥ ይግፉ፣ ሳይለቁት ይዝጉ። ፖምፓው ተፈትቶ ሳለ ማንም ሰው ፔዳሉን እንዳይረግጥ፤ ፒስተኑ ተስፈንጥሮ ይወጣል። ከስር መግባቱም ያው በካቫሌቶ ነው።

ከዳላስ፦ ፔዳሉ ከፍ እንዲልልኝ የግፊት ዘንጉን ላስረዝመው?

ፔዳሉ ላይ ትንሽ ነጻ እንቅስቃሴ የግድ መቅረት አለበት፤ አለዚያ ዘይቱ ወደ ጣሳዋ መመለሻ ያጣና ሲሞቅ ፍሪሲዮኑን ያንሸራትተዋል። የሚያፈስ ፖምፓን በማስረዘም መደበቅ አይቻልም።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሌላ አድማጭ፦ ፔዳሉን ስረግጥ የሚያፏጭ ድምፅ ይሰማል፤ ስለቀው ይጠፋል።

ይህ የፍሪሲዮኑ ኩሽኔታ ይመስላል፣ እሱን ለማግኘት ደግሞ ካምቢዮው መውረድ አለበት። ይህን በግቢዎ አይሞክሩት፤ መኪናዋን ወደ ባለሙያ ይውሰዷት፣ ካምቢዮው ከወረደ በኋላም ሸራውና ኩሽኔታው አብረው እንዲቀየሩና ቮላኖው (ሸራው የሚያርፍበት የሞተሩ ከባድ ዲስክ) እንዲታይ ይጠይቁ።