ጥር ከመግባቱ በፊት ልጆቹን እናለማምድ

(በአንድ መዋዕለ ሕፃናት የወላጆች ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ የልጅ ልጆቻችሁን ብላችሁ የመጣችሁ አያቶች፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ እንደምን አረፈዳችሁ? በቅዳሜ ጠዋት፣ ያውም በዚህ ብርድ፣ ስለመጣችሁ እናመሰግናለን። የክፍያውና የዩኒፎርሙ ጉዳይ አልቋል። አይዟችሁ፣ እኔ ስለ ገንዘብ አላወራም። የማወራው ስለ ልጆቻችን ጆሮ፣ ከኃይለኛ ድምፅ የሚከላከል የጆሮ መሸፈኛ ስለማለማመድ ነው።

ታኅሣሥ ተጋመሰ። ገና ደረሰ፤ ከዚያ ጥምቀት ነው፤ ከዚያ ደግሞ ሠርጉ በላይ በላዩ ይመጣል። እስካሁን ስንት የጥሪ ካርድ እጃችሁ እንደገባ እናንተ ታውቃላችሁ። ልጆቹም አብረው ይሄዳሉ፤ ማን ጋ ይተዋሉ? ሄደው ደግሞ የት እንደሚገኙ ሁላችንም እናውቃለን። ሞንታርቦው ፊት። ትልቅ ሰው ወንበሩን ይዞ ወደ ኋላ ሲሸሽ እነሱ ይጠጋሉ። ድምፁ ደረታቸውን ዱም ዱም ሲያደርገው ደስ ይላቸዋል። አንዳንዱማ እጁን ስፒከሩ ላይ ለጥፎ ይቆማል።

ሰኞ እኛ ጋ ሲመጡ የምናየውን ልንገራችሁ። ስሙን ሁለት ሦስቴ ካልጠሩት የማይዞር ልጅ አለ። አንድ የኬጂ አንድ ተማሪ “ቲቸር፣ ጆሮዬ ውስጥ ንብ አለች” ብሎኛል። እኛ “ጆሮዬ ጭው አለ” ብለን የምናልፈው ነገር መሆኑ ነው። አብዛኛውን ጊዜ አድሮ ይለቃል። ስለሚለቅም ንቀን እንተወዋለን።

ከጆሮ ታምቡር ወደ ውስጥ፣ እንደ ቀንድ አውጣ የተጠቀለለ ክፍል አለ። እዚያ ውስጥ ድምፅን ተቀብለው ወደ አንጎል የሚያስተላልፉ ጥቃቅን ሴሎች አሉ፤ ጫፋቸው ላይ ፀጉር መሳይ ነገር ያላቸው። በእያንዳንዱ ጆሮ 15 ሺህ ገደማ ይሆናሉ። ኃይለኛ ድምፅ ያጎብጣቸዋል። ካረፉ ቀና ሊሉ ይችላሉ። ሲደጋገምባቸው ግን ይሞታሉ፤ የሞተውም አይተካም። ቆዳ ቢላጥ ሌላ ይወጣል፣ አጥንት ቢሰበር ይገጥማል፤ እነዚህ ግን አንዴ ከሄዱ ሄዱ። መጀመሪያ የሚጎዳው ቀጭን ድምፅ የሚሰማው ክፍል ነው። እዚህ ክፍል ውስጥ ይሄ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። “ስ” እና “ሽ” እና “ፍ” ቀጭን ድምፆች ናቸው። ፊደል የሚማር ልጅ እነሱን አጥርቶ ካልሰማ “አይከታተልም፣ ፈዛዛ ነው” ይባላል።

ትንሽ ቁጥር ታገሱኝ። የድምፅ ጉልበት የሚለካው በዴሲቤል ነው። ተቀምጠን ስናወራ 60 ገደማ ነው። የአሜሪካው የሥራ ቦታ ጤና ተቋም፣ ናዮሽ የሚሉት፣ ለአዋቂ ሠራተኛ የሚመክረው 85 ዴሲቤልን በቀን ቢበዛ ለ8 ሰዓት ነው። ከዚያ 3 ዴሲቤል በተጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። 88 ላይ 4 ሰዓት፣ 91 ላይ 2 ሰዓት፣ እንዲህ እያለ 100 ላይ ሲደርስ 15 ደቂቃ ብቻ ይቀራል። ሞንታርቦ አጠገብ 100 መድረስ ምንም አይከብድም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ሙዚቃ ለሚቀርብባቸው ቦታዎች ባወጣው መመዘኛ፣ አማካዩ ድምፅ ከ100 አይለፍ ይላል። ለልጅ ደግሞ ጥንቃቄው ይጨምራል። ድርጅቱ በስልክና በመሳሰለው ሙዚቃ ለሚያዳምጥ አዋቂ በሳምንት 40 ሰዓት በ80 ዴሲቤል ሲል፣ ለልጅ ወደ 75 ያወርደዋል። 

መለኪያ ከሌላችሁ በዚህ እወቁት፦ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ካለ ሰው ጋር ለመነጋገር መጮኽ ካስፈለጋችሁ ቦታው ለጆሮ አይሆንም።

መቼም “ታዲያ ሙዚቃውን ይቀንሱት” የሚል ይኖራል። ልክ ነው፤ የመጀመሪያው መድኃኒት እሱ ነው። ደጋሾቹ እናንተ ከሆናችሁ ዲጄውን አስቀድማችሁ ንገሩት። ተጋብዞ የሄደ ሰው ግን ምን ሥልጣን አለው? ሁለተኛው መድኃኒት መራቅ ነው። ሜዳ ላይ ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር ድምፁ 6 ዴሲቤል ገደማ ይወርዳል። አዳራሽ ውስጥ ግድግዳው ስለሚመልሰው ያን ያህል አይወርድም፤ ቢሆንም በሩ አካባቢ ያለ ጠረጴዛ ያዙ። ሦስተኛው ይህ በእጄ የያዝኩት ነው። የጆሮ መሸፈኛ። ልጆቹ “ሄድፎን” ይሉታል፤ ይበሉት። አንድ ነገር ብቻ አስቀድማችሁ ንገሯቸው፦ ዘፈን የለውም። ካርቱን ይሰማበታል ብሎ ጠብቆ ጭጭ ሲልበት የሚናደድ ልጅ አይቻለሁ።

ዋናው ጉዳዬ እዚህ ጋ ነው። ወላጅ ዕቃውን ገዝቶ እስከ ሠርጉ ቀን ቁም ሣጥን ውስጥ ያስቀምጠዋል። አዳራሹ በር ላይ ሲደርስ ካርቶኑን ቀዶ ልጁ ጭንቅላት ላይ ሊጭን ይሞክራል። ልጁ አዲስ ጫማ አድርጓል፣ ከራቫቱ አንቆታል፣ የማያውቀው ሰው ሁሉ ጉንጩን ይስመዋል፣ ሙዚቃው ይደልቃል። በዚያ ላይ ጭንቅላቱን የሚጨምቅ ነገር መጣበት። ያወልቀዋል። እናት ትመልሳለች፣ እሱ ያወልቃል። ከዚያ ለቅሶ። ከዚያ “በቃ ተወው” ይባላል። ልጁም ያንን ነገር ባየ ቁጥር ያ ቀን ትዝ ይለዋል። ስለዚህ የሚለመደው ጸጥ ባለ ቤት፣ ምንም ቀጠሮ በሌለበት ቀን ነው። ከዛሬ ጀምሮ እስከ ጥር በቂ ጊዜ አለን።

እንዴት? መጀመሪያ አታድርጉለት። አሻንጉሊቶቹ መሀል ጣሉትና ተዉት። ያገላብጠው፣ ስፖንጁን ይጫነው፣ ከፍቶ ይዝጋው። ስቲከር ይለጥፍበት። አሻንጉሊቱ ጭንቅላት ላይ ያድርግ። እኛ ክፍል ውስጥ ከሁሉ በፊት ያደረገው ድቡ ነበር። ቀጥሎ እኔ። እኔ ሳደርግ ልጆቹ “ቲቸር ትሰሚኛለሽ?” እያሉ ሲጮኹ፣ እኔ እጄን ጆሮዬ ላይ አድርጌ “ምን?” ስል ሳቁ ሌላ ነው። ከዚያ ሁሉም ተራ ይጠይቃል። ቤት ውስጥ አባትየው ቢያደርገው ደግሞ ይበልጣል። ልጅ የምንለውን ሳይሆን የምናደርገውን ነው የሚከተለው፤ እናንተ ሳታደርጉ እሱን “አድርግ” ማለት ትንሽ ይከብዳል።

ልጁ ራሱ ጆሮው ላይ ሲያደርገው አጭር ይሁን። እስከ አምስት ቆጥራችሁ “አውልቅ” በሉት። አዎ፣ እሱ ሳይሰለች እናንተ ቅደሙ። ብዙ ሰው ተቃራኒውን ነው የሚያደርገው። ልጁ አድርጎ ዝም ካለ “ጎሽ፣ ለመደ” ብሎ ይተወዋል፤ እስኪያለቅስ። በሌላ ቀን እስከ ሃያ ቁጠሩ። ከዚያ የሚወደውን ነገር ስጡት፤ እየሳለ ወይም ሥዕል ያለበት መጽሐፍ እያየ ያድርገው። እጁ ሥራ ሲይዝ ጭንቅላቱ ላይ ያለውን ይረሳል። ማውለቅ ሲፈልግ ያውልቅ። እንደሚወልቅ ካወቀ ማድረጉን አይፈራም። ከረሜላ አታስይዙት እላለሁ፤ ነገ ያለ ከረሜላ አያደርግማ።

ቀጥሎ ድምፅ እንጨምራለን። እዚህ ላይ ቤታችሁ ያለው ጁስ መፍጫ ጥሩ ነው። ልጁ መሸፈኛውን ያድርግ፤ ቁልፉን የሚጫነው እሱ ይሁን፣ እናንተ አጠገቡ ሆናችሁ። ተጫነ፣ ጮኸ፣ ለቀቀ፣ ዝም አለ። የድምፁ አለቃ እሱ ነው። ያኔ ፊቱን እዩት። መሸፈኛው ምን እንደሚሠራ ማንም ሳያብራራለት ገባው። መብራት ሲጠፋ የጎረቤት ጄኔሬተር ይነሳል አይደል? እሱም ይጠቅማል። “ጄኔሬተሩ ጮኸ፣ ጆሯችንን እንሸፍን” በሉ። ብረት ቤት አጠገብ የምትኖሩ ደግሞ ግራይንደሩ ሲጀምር። ከትንሽ ቀን በኋላ እናንተ ሳትናገሩ ራሱ ሮጦ ያመጣዋል።

አሁን ስለ ፀጉር። ሰው የሚረሳው ይህንን ነው። መሸፈኛው የሚሠራው ስፖንጁ ጆሮውን ከቦ ቆዳ ላይ ከተኛ ብቻ ነው። ለሠርግ ደግሞ ሴቶቹ ልጆች ሹሩባ ይሠራሉ፣ ዶቃ ይደረጋል፣ የጆሮ ጌጥ አለ፣ አበባ ያዥ ከሆነች የአበባ ዘውድ አለ። ወፍራም ሹሩባ ከስፖንጁ ሥር ከገባ ክፍተት ይፈጥራል፤ ድምፁ በዚያ ይገባል። ስለዚህ ወደ ፀጉር ቤት ስትሄዱ መሸፈኛውን ይዛችሁ ሂዱ። ለሠራተኛዋ “ጆሮዋ ዙሪያ ጠጋ አድርገሽ ሥሪው፣ ይሄ ይቀመጥበታል” በሏት። መጀመሪያ ሳትረዳችሁ ትስቃለች። ምንም አይደል። ዘውዱን ደግሞ ለፎቶና ለመግቢያው ታድርግ፤ ጭፈራው ሲጀመር ይቀየር።

አዳራሹ በር ላይ ሳይሆን መኪና ውስጥ ወይም ውጭ አድርጉለት። ሊያወልቅ ሲፈልግ ይዛችሁት ውጡ፤ ውጭ ያውልቅ፣ ውኃ ይጠጣ፣ ላቡን ጥረጉለት። ሙዚቃው መሀል ለአምስት ደቂቃ እንኳ ማውለቅ የመሸፈኛውን ጥቅም ይቀንሰዋል። አልመለስም ካለ ደግሞ ክርክር አያስፈልግም፤ ድምፁ በሌለበት በኩል አብሮት የሚቆይ ዘመድ ፈልጉ። 

አያቶች፣ አሁን ወደ እናንተ ልምጣ፤ አትቀየሙኝ። “ምን ሆኖብሽ ነው ልጁ? ታመመ እንዴ?” የምትሉት እናንተ ናችሁ። ጠረጴዛው ሁሉ ይዞራል፣ እናትየው ታፍራለች፣ ይወልቃል። ለልጆቹ አንድ መልስ አስተምረናቸዋል፦ “እማማ፣ ጆሮዬ እንዳይጎዳ ነው።” ይህን ሲሏችሁ እባካችሁ “ጎሽ የኔ ጌታ፣ የኔ እመቤት” በሏቸው። ሌላ ምንም አንፈልግም። ደግሞ የሚያሳፍር ነገር የለውም። እ.ኤ.አ. በ2010 የአሜሪካን ፉትቦል ፍጻሜ፣ ሱፐር ቦውል፣ ማያሚ ላይ ሲደረግ የኒው ኦርሊንሱ ቡድን ተጫዋች ድሩ ብሪስ አሸንፎ አንድ ዓመት ያለፈውን ልጁን አቅፎ ታየ። ሕፃኑ ጆሮው ላይ ከፊቱ የማይተናነስ መሸፈኛ አድርጓል። ያ ፎቶ ዓለምን ዞሯል። ያ አባት በዚያ ሁሉ ካሜራ ፊት ካላፈረ እኛ በዘመድ ሠርግ ምን ያሳፍረናል?

ስለ ዕቃው ጥቂት ልበል። የግንባታ ዕቃ መሸጫዎች ያለው ለአዋቂ ነው፤ ልጅ ላይ ይሰፋል፣ ይወርዳል። የልጅ መጠን ያለውን ፈልጉ። ውጭ ያለች እህታችሁ “ምን ላምጣላችሁ?” ስትል ከቫይታሚኑ በፊት ይህን ንገሯት። ካርቶኑ ላይ ኤንአርአር (NRR) ወይም ኤስኤንአር (SNR) የሚል ምልክትና ድምፅ ምን ያህል እንደሚቀንስ የሚያሳይ ቁጥር መኖሩን ትይ። ቁጥሩ ላቦራቶሪ ውስጥ የተለካ ስለሆነ ጭፈራ መሀል የሚገኘው ከዚያ ያነሰ ነው። የሙዚቃ ብሉቱዝ ሄድፎን መከላከያ አይደለም። ጥጥም አይሆንም፤ ብዙም አያስቀርም። የስፖንጅ መድፈኛ ለትንንሾቹ አትስጡ፤ አፋቸው ከከተቱት ያንቃል። ለሕፃን ጨቅላ ለስላሳ ማሰሪያ ያለው አለ፤ ግን ጨቅላውን ይዞ ሞንታርቦ ያለበት ቤት አለመግባት ይሻላል ባይ ነኝ።

ሁለት ማሳሰቢያ አለኝ። መሸፈኛ ያደረገ ልጅ መኪና አይሰማም፤ መንገድ ላይ እጁን ያዙት። ቤት ውስጥ ጸጥ ባለ ሰዓት ደግሞ ቀኑን ሙሉ አያድርገው። ተራ ድምፅ ሁሉ የሚረብሸው፣ ጆሮውን ይዞ የሚያለቅስ ልጅ ካላችሁ ያ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ለባለሙያ አሳዩት፣ እኛንም አናግሩን።

ከሰኞ ጀምሮ እያንዳንዱ ክፍል የመጫወቻ ቅርጫት ውስጥ መሸፈኛ ይኖራል። ዓርብ ዓርብ ተራ የደረሰው ልጅ ይዞት ቤቱ ያድራል፤ ሰኞ ይመልሳል። ልጃችሁ ይዞ ሲመጣ አሻንጉሊቶቹ መሀል አስቀምጡለት፣ ጁስ መፍጫውን አውጡ። ስማችሁን ተራው ላይ ለማስመዝገብ መውጫው ላይ ያለችውን ረዳት መምህርት አነጋግሩ። መሸፈኛው እዚህ አለ፤ መሞከር የምትፈልጉ እየተቀባበላችሁ ሞክሩት። ጥያቄ ያላችሁ ደግሞ አሁን ቀጥሉ፤ ከኋላ ጀምሩ።