«ሩበንሳዊ» ማለት ምን ማለት ነው?

(ምስል፦ አራት ኪሎ፣ ጠዋት። ታክሲ መያዣው አጠገብ አንዲት እናትና አንዲት ወጣት ይሳሳማሉ።)

እማማ ልጅቷን ምን እንዳሏት ሰማችሁ? «ውይ፣ ተመችቶሻል!» አሏት። ወፍረሻል ማለታቸው ነው፤ ግን ሙገሳ ነው። ጉንጭሽ ሞላ፣ ወዝሽ ወጣ እንደማለት።

ፈረንጆቹ ደግሞ በሥዕል ላይ ሞላ ብላ የተሳለችን ሴት «ሩበኔስክ» ይሏታል። እኛ ሩበንሳዊ እንበላት። መጨረሻው ላይ ያለችው «ኤስክ» መነሻዋ ጣልያንኛ ነው፤ የእኛን የ«ሳዊ» ሥራ ትሠራለች።

ስሙ የሰዓሊው የፒተር ፖል ሩበንስ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1577 ተወልዶ በ1640 ሞተ። አብዛኛውን ሥራውን የሠራው አንትወርፕ ነው፤ በዛሬዋ ቤልጂየም። ስፔንና እንግሊዝን ለማስታረቅ የተመላለሰ ዲፕሎማትም ነበር።

(ምስል፦ «ሦስቱ ጸጋዎች»፣ ማድሪድ፣ ፕራዶ ሙዚየም።)

እስቲ ጠጋ እንበል። ሦስት ሴቶች ተያይዘው ቆመዋል። የመሃለኛዋ ጀርባዋን ሰጥታናለች። ጣት ክንድ ላይ ያረፈበትን ቦታ እዩት። ጫን ሲል ሥጋው ሰርጎድ ይላል። ሸራና ቀለም መሆኑ ይረሳል!

አሁን ቆዳውን እዩ። አንድ ቀለም ብቻ አይደለም። ጥላው ግራጫና ሰማያዊ ይነካካዋል፣ ብርሃን የመታው ሮዝና ቢጫ ነው፣ እጥፋቱ ቀላ ይላል። ሩበንስ ቀለሙን ስስ አድርጎ ይደራርበዋል። የታችኛው በላይኛው ውስጥ ያሳልፋል። ከሥሩ ደም የሚዘዋወር የሚመስለው ለዚህ ነው።

እኔን የሚቆጨኝ ይኼ ነው። ቃሉ ዛሬ ውፍረት ብቻ ሆኖ ቀረ፤ ያውም የሴት ብቻ። ሩበንስ ግን ጡንቻቸው የፈረጠመ ወንዶችም ሞልተውታል። ደግሞ እሱ ካለፈ በኋላ፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ፣ የፈረንሳይ ሥዕል አካዳሚ ለሁለት ተከፍሎ ተሟግቷል። የሰዓሊው የፑሳን ወገኖች «የሚበልጠው መስመር ነው» አሉ። የሩበንስ ወገኖች «የለም፣ ቀለም ነው» አሉ። ያኔ ስሙ የሚነሣው በቀለም ነበር።

(ምስል፦ እንደገና አራት ኪሎ። የልጅቷ ፊት በቅርበት።)

ልጅቷ እየሳቀች ነው። ጠይም ናት ብላችሁ ብቻ እንዳታልፉ። ፀሐይ ያረፈበት ጉንጯ ወርቅ መስሏል። ከአገጯ ሥር ወደ ሐምራዊ ይሄዳል። ጆሮዋን ደግሞ ብርሃኑ ከኋላ አልፎበት ፍም መስሏል።

እማማ አሁንም እጇን አልለቀቁም። አውራ ጣታቸው ያረፈበትን እዩት።