ከደብተራችን ያልተሰረዘው ስም

የተከበራችሁ የእድራችን አባላት፣ እናቶችና አባቶች፣ ከሐረር ድረስ የመጣችሁ የድሮ የባሕር ኃይል ጓዶቼ፣ እንደምን ዋላችሁ።

የእድሩን ደብተር የምይዘው እኔ ነኝ። እዚያ ላይ በ1982 ዓ.ም. የካቲት በምጽዋ ጦርነት የቀረ የጓደኛዬ ስም አለ። እናቱ ወር በገባ ቁጥር የእሱንም መዋጮ ይከፍላሉ። አንድ ቀን «ልሰርዘው እንዴ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ምነው አፌን በቆረጠው! መርዶ አልተነገራቸው፣ ተዝካር አላወጡ። ዛሬ እዚሁ ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል።

ስለ አንድ መርከብ ልንገራችሁ። ኦክላሆማ የሚባል የአሜሪካ የጦር መርከብ ነው። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 7 ቀን 1941 ፐርል ሃርበር በሚባለው የሃዋይ ወደብ ላይ በጃፓን ቶርፒዶ ተመትቶ ተገለበጠ። 429 ሰው አለቀ። አስከሬኑን አውጥቶ ለመጨረስ ከ2 ዓመት በላይ ፈጀ። እስከዚያ አፅሙ ተደባልቋል። በመቶ የሚቆጠሩት «ማንነቱ ያልታወቀ» ተብለው እዚያው ሃዋይ፣ ሆኖሉሉ ተቀበሩ።

ሬይ ኤመሪ የሚባል ከዚያ ጥቃት የተረፈ ባሕረኛ ግን እንቅልፍ አልወሰደውም። በስተርጅናው ሰነድ ከሰነድ እያመሳከረ «መቃብሩ ይከፈት» እያለ ወተወተ። እ.ኤ.አ. በ2003 አንድ ሣጥን ተከፈተ። የ5 ሰው ነው የተባለው ሣጥን ወደ 100 የሚጠጉ ሰዎችን አፅም ይዞ ተገኘ። አስቡት! እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ የቀሩት የ388 ሰዎች መቃብር ሁሉ እንዲከፈት ተወሰነ። እ.ኤ.አ. በ2021 ሥራው ሲያበቃ ከ350 በላይ ባሕረኞች ስማቸው ተመልሶላቸዋል። ከ70 ዓመት በኋላ!

የጥርስ መዝገብ ረድቷል፣ የአጥንት ምርመራም እንዲሁ። ዋናው ግን ዲኤንኤ፣ ማለትም በሰውነታችን ውስጥ ያለው የዘር መለያ ነው። አንደኛው ዓይነት ከእናት ብቻ የሚወረስ ነው። ስለዚህ እናት፣ የእናት ልጅ፣ አክስት በእናት በኩል፣ የእህት ልጅም ናሙና መስጠት ይችላሉ። እናቶቻችን ግን እያረጁብን ነው። ጊዜ የለንም።

ለእኛም አዲስ ነገር አይደለም። የቃኘው ሻለቃ ልጆች በዚችው በድሬዳዋ በባቡር አልፈው ነው ጅቡቲ ላይ መርከብ የተሳፈሩት። ኮሪያ የወደቁትን አገራቸው አምጥተው ቅድስት ሥላሴ አሳረፏቸው። የምጽዋዎቹስ ልጆች አይደሉም?

የመንግሥትን በር አብረን እናንኳኳለን። ባዶ እጃችንን ግን አንሄድም። በሩ አጠገብ ጠረጴዛ ላይ አዲስ ደብተር አስቀምጫለሁ። የቀረባችሁን ሰው ሙሉ ስም ከነአያቱ፣ የነበረበትን ክፍል፣ የመጨረሻ ደብዳቤው የመጣበትን ቀን፣ የተሰበረ አጥንት ወይም የወለቀ ጥርስ ካለው እሱንም አስመዝግቡ። ፎቶ ያላችሁ አምጡ። የእናቱን ስም እንዳትረሱ።

እማማ፣ ይነሱ እስቲ፣ ልደግፍዎት። የመጀመሪያው መስመር የእርስዎ ነው።