ከሊስት ላይ ስናጠፋ ማን ነው የጠፋው?

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ የማወራችሁ ሰሞኑን ጭንቅላቴ ውስጥ ሲመላለስ ስለከረመ ነገር ነው። በፓይተን (የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ነው) ከሊስት፣ ማለትም በተራ ከተቀመጡ ነገሮች ዝርዝር ላይ፣ በኢንዴክስ፣ ማለትም በቦታ ቁጥር፣ ስለማጥፋት።

አንድ ሊስት አስቡ። ውስጡ 10፣ 20፣ 30፣ 40፣ 50 አለ። ኢንዴክስ 1 እና 4 ይጥፉ እንበል። ቆጠራው ከ0 ስለሚጀምር 20 እና 50 ማለት ነው። በዴል (del)፣ በማጥፊያው ትእዛዝ፣ መጀመሪያ ኢንዴክስ 1ን አጠፋን። አራት ቀሩ፤ የመጨረሻው ኢንዴክስ 3 ሆነ። ከዚያ 4ን አጥፋ ስንለው ኢንዴክስ ኤረር፣ ማለትም እንዲህ ያለ ኢንዴክስ የለም የሚል የስህተት መልእክት ይመጣል። ሊስት እንደ ሰልፍ ነው፤ አንዱ ሲወጣ ከኋላው ያሉት ሁሉ ይጠጋሉ።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ይሄኛው አይደለም። ይሄ ቢያንስ ይጮሃል፣ መስመሩንም ያሳያችኋል። አሁን 1 እና 3ን እናጥፋ፤ 20 እና 40ን መሆኑ ነው። 20 ወጣ። ታዲያ አሁን ኢንዴክስ 3 ላይ ያለው ማን ነው? 50! 40 ቁጭ ብሎ 50 ተሰረዘ። ፓይተን ትንፍሽ አላለም። ቁጥር ባይሆንና የሰው መዝገብ ቢሆንስ? ለዚህ ነው ኤረሩን በትራይ ኤክሴፕት (ስህተት ሲመጣ ፕሮግራሙ ሳይቆም እንዲቀጥል በሚያደርገው ኮድ) ማፈን በፍጹም የማልወደው።

መፍትሄው ከኋላ መጀመር ነው። ኢንዴክሶቹን ከትልቁ ወደ ትንሹ ደርድሩ፣ ድግግሞሽ ካለም አስቀድማችሁ አውጡ። 3 ቀድሞ ሲወጣ 1 ከቦታው አይነቃነቅም። ስጠራጠር ደግሞ በዴል ፋንታ ፖፕ (pop) የተባለውን ማጥፊያ እጠቀማለሁ። ያወጣውን ስለሚመልስልኝ ስክሪን ላይ ፕሪንት አድርጌ አየዋለሁ።

በፎር ሉፕ፣ ማለትም ሊስቱን አንድ በአንድ በሚያልፍ ኮድ፣ እየዞሩ ማጥፋትም ያው ጣጣ አለው። ከ2፣ 4፣ 5 ላይ ተጋማሽ ቁጥሮችን በሪሙቭ (remove፣ በኢንዴክስ ሳይሆን በዋጋው የሚያጠፋ) ብታጠፉ 4 ይተርፋል። 2 ሲወጣ 4 ቦታውን ይይዛል፣ ሉፑ ግን አልፎ ሄዷል።

እኔ አብዛኛውን ጊዜ ማጥፋቱን ትቼ የሚቀሩትን ብቻ ይዤ አዲስ ሊስት እሠራለሁ። ኢነመሬት (enumerate) የተባለው የፓይተን መሣሪያ የእያንዳንዱን ኢንዴክስ ይሰጠኛል፤ ኢንዴክሱ ከሚጠፉት ውስጥ ካልሆነ ወደ አዲሱ ሊስት ይገባል። አንድ መስመር ናት፣ ሳነባት ደስ ትለኛለች።

ብቻ አንድ ነገር ልብ በሉ። የድሮውን ሊስት ሌላ የኮዱ ክፍል ይዞት ከሆነ አዲሱን አያየውም። ያኔ ከስሙ ቀጥሎ በካሬ ቅንፍ ውስጥ ሁለት ነጥብ አድርጋችሁ ([:]) አዲሱን ብትመድቡ፣ ሊስቱ ያው ሆኖ ውስጡ ብቻ ይለወጣል። ይህን የሚሠራውን ፋንክሽን (በስሙ እየተጠራ የሚሠራ የኮድ ክፍል) የሚጠራው ሌላ ሰው ከሆነ ግን፣ ሊስቱ እንዲለወጥበት ይፈልግ እንደሆነ አስቀድሜ እጠይቃለሁ።